ለስላሳዋ ሞላ

ትናንት የሱቄን መሳቢያ ሳራግፍ አንዲት የከረሜላ ቆርቆሮ ወደቀች። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሻንጣና የስልክ ሽፋን ስሸጥ ስንት ዓመቴ፤ በዚያ መሳቢያ ውስጥ የማይረባ ነገር ሁሉ ተከማችቷል። ክዳኗን ስከፍተው የመሣሪያ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታው። ውስጧ ያለችው አንዲት ሞላ ብቻ ናት። የትንሽ ጣቴን ግማሽ የምታህል፣ ጠቆር ያለች፣ በሁለት ጣት ሲጫኗት እምቢ የምትል። ቁጭ አልኩ። ደንበኛ ገብቶ ቻርጀር ሲጠይቀኝ «የለም» አልኩት፤ ፊቱ ተደርድሮ እያየው።

ነገሩ በፈረንጅ አገር ሮምሶስ በሚባል ሰፈር የኖርኩበት ዘመን ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልመጣም፤ መልስ እየጠበቅኩ አንድ ያገሬ ልጅ ሶፋ ላይ አድር ነበር። ከበራችን ፊት ለፊት አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አገር ቤት በውትድርና መሣሪያ ጠጋኝ የነበሩ፣ እዚህ ደግሞ ሴንትሩም፣ መሃል ከተማው ውስጥ፣ የሰው ቢሮ ሲወለውሉ ለጡረታ የበቁ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ስማቸውን ልተወው።

ጋሼ በዚህ ከተማ አንድ ቦታ ነበራቸው፤ ከመሬት በታች ያለ የዒላማ ተኩስ ክለብ። ስንት ዓመት ወለሉን በወለወሉበት ከተማ፣ ሲገቡ ሰው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ሜስተር»፣ ባለሙያው፣ የሚላቸው እዚያ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ክራቫት ያስራሉ። ሌላ ቀን ሲያስሩ አይቼ አላውቅም።

ያላቸው ሪቮልቨር ትንሿን ጥይት፣ ሃያ ሁለቷን፣ የምትጎርስ ናት። ፈቃድ ያላት፣ ብረት ሳጥን ውስጥ የምትቆለፍ። ችግሩ ጣታቸው ነበር። የመወልወያ እንጨት ጨብጦ የኖረ እጅ ሲያረጅ አንጓው ያብጣል። ቃታዋን ሲስቡ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። የዓመቱ ፈተና ደግሞ ደርሶ ነበር። በዚያ ክለብ ሕግ ፈተናውን ያላለፈ ካርዱ ይዘጋል፤ ካርዱ ከተዘጋ ሽጉጡም ይሄዳል፤ ክራቫቱም ያው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል።

እኔ ምናለሽ ተራ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቁልፍ፣ ላይተር፣ ዣንጥላ፣ የልብስ ስፌት መኪና ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ሞላ ለእኔ ሞላ ነው፤ የማንም ይሁን።

«ጋሼ፣ ቃታዋን ያጠነከረው ሞላዋ ነው። በለስላሳ እንቀይራት» አልኳቸው።

«እሱን የሚቀይረው የክለቡ ጠጋኝ ነው።»

«ወረፋው ሁለት ወር ነው ብለውኝ አልነበር?»

«Ja፣ አዎ» አሉ እየተከዙ። «ፈተናው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ግን አንተ የምታውቀው ዣንጥላ ነው።»

«ዣንጥላም ካላወቁበት ይተኩሳል።»

ሳቁ። ሰውየው ሲስቁ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ሞላዎቹ በፖስታ መጡ፤ ሦስት ናቸው፤ ጠንካራ፣ መካከለኛ፣ ለስላሳ። በእሳቸው ኩሽና፣ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ፎጣ አነጠፍን። የመጋቢት ፀሐይ ውጭ ካለው በረዶ ላይ ተንጸባርቃ ጣራው ላይ ትንቀጠቀጣለች። እሳቸው አጠገቤ ቆመው በጣታቸው ያሳያሉ፣ እኔ እፈታለሁ። ሽጉጧ ውስጥ የነበረችውን የድሮዋን ሞላ ሳወጣ «እንዳትጥላት» አሉ። «ጠጋኝ ያወጣውን ዕቃ አይጥልም።» በዚያች የከረሜላ ቆርቆሮ አኖርኳት።

በተተኮሰ ባዶ ቀለህ ሞከርናት። በመካከለኛዋ ሞላ ሲስቡ «ይሻላል» አሉ። ለስላሳዋን ስገጥም ግን ፊታቸው በራ። አንዴ ሳቡ፣ ደገሙ፣ ሠለሱ። ከንፈራቸውን አልነከሱም።

«ቅቤ ሆነች» አሉ።

የገደለኝ ነጋዴነቴ ነው። መካከለኛዋ እንደምትበቃ እጄ ያውቅ ነበር። ግን ደንበኛ ፊቱ ሲበራ ካየሁ እኔ ሌላ ዕቃ አላወጣም። እሳቸው አንዴ ጆሯቸውን አዘንብለው ሳቧት።

«ድምጿ ቀጠነ» አሉ።

«እሷ ናት የቀጠነችው ወይስ ጆሮዎት?»

ትንሽ አዩኝ። እጄ እስከ አንጓው ዘይት ነበር። «ይሁን» ብለው ፎጣውን አጠፉ።

አሁን አውቃለሁ። ትልልቆቹ ጥይቶች ቂጣቸው መሃል ላይ ይመታሉ። ይቺ ትንሿ ግን እሳቷን የደበቀችው ጠርዟ ውስጥ ነው፤ መዶሻው ጠርዟን ጨፍልቆ ካልመታት አትነሳም። ሞላው ሲለሰልስ ጣት ያርፋል፤ መዶሻው ግን አብሮ ይሰንፋል። ባዶ ቀለህ ደግሞ ይሄን አይነግርህም።

የፈተናው ዕለት፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ አብሬያቸው ሄድኩ። ክለቡ የተቃጠለ ባሩድና የረጠበ ሱፍ ይሸታል። እኔ ከመስታወቱ ኋላ ነኝ፣ ጆሮዬ ላይ ማፈኛ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥይቶች ተተኮሱ፤ ሦስቱም ጥቁሩ ክብ ውስጥ። አራተኛዋ ቀጭ ብላ ቀረች።

«ቬንት» አለች የሜዳው ኃላፊ ሴትዮ፤ ቆይ ማለቷ ነው። ጥይት ሲከሽፍ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላልና፣ አፈሙዙን ዒላማው ላይ አድርገህ ሠላሳ ሰከንድ ትጠብቃለህ። ጋሼ ክንዳቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ቀጠሉ። ስድስተኛዋም ከሸፈች። ሠላሳ ሰከንድ። አጉርሰው እንደገና ጀመሩ፤ ሁለተኛዋ ከሸፈች። ለጣታቸው ብዬ የሠራሁት ነገር ክንዳቸውን እየበላ ነበር። መጀመሪያ ክርናቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ትከሻቸው። ሴትዮዋ ቆጥራ ሃያ አምስት ስትል አፈሙዙ ዝቅ አለና ወደ ጎረቤት ተኳሹ ዞረ።

ሽጉጧን በቀስታ ከእጃቸው ተቀበለች። ይሄ ይቅርታ የሌለው ጥፋት ነው። ግን ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ መውጫ ፈለገችላቸው። ማፈኛዬን አውልቄ ነበርና ሰማኋት።

«ሽጉጧን የነካት ሰው አለ? የመሣሪያ ብልሽት ከሆነ ሌላ ቀን እሰጥሃለሁ።»

ጋሼ ወደ መስታወቱ አልዞሩም።

«Nei» አሉ። «ከእኔ በቀር የነካት የለም። ያረጀው ክንዴ ነው።»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። በሩ ሦስት እርምጃ ነበር። ግን ወረቀቱ ያልመጣለት ሰው ስሙ ከሽጉጥ ጋር ሲጻፍ ታየኝ፤ እሳቸውም የታያቸው እሱው ነው። ቆሜ ቀረሁ። ካርዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ሽጉጧም እዚያው ቀረች።

በቲ-ባነው፣ በከተማው ባቡር፣ ወደ ሮምሶስ ስንመለስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ክራቫታቸውን ፈትተው ጠቀለሉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። በሩ ሊከፈት ሲል ጠጋ ብለው፣

«ቃታዋ ግን የእውነት ቅቤ ነበረች» አሉኝ።

ወረቀቴ በዚያው በጋ መጣ። እሳቸው ልጃቸው ጋ፣ ፕሪንስዳል የሚባል ሰፈር ገቡ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳቸው፤ ሁለቴም ጥፋቱ የእኔ ነው ልል ስል ስለምከፍተው ሱቅ ጠየቁኝ። በሦስተኛው ሞላዋን በኪሴ ይዤ ሄድኩ፤ የራሳቸው ዕቃ ናት፣ ልመልስና በዚያው ልናገር ብዬ። ልጃቸው ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተችልኝ።

ትናንት ሞላዋን በሁለት ጣቴ ተጫንኳት። ዛሬም እምቢ አለች። አሁን ግን አንጓዬን አመመኝ፤ የሱቅ መዝጊያ ስስብ የኖርኩበት ጣት ነው። እንደተጫንኳት ሠላሳ ልቆጥር አሰብኩ፤ አሥራ ሁለት ላይ ለቀቅኳት።