ቲቸር ጥላዬና «ስለዚህ»

ጣቢታ ቲቸር ጥላዬን በደንብ ታውቃቸው ነበር ማለት አይቻልም። ሁለት ዓመት አማርኛ አስተምረዋታል። ወንድማቸው ሆሳዕና ከተማ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ እንዳላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በታች አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን እንደሚኖሩ ታውቃለች። ከዚያ ያለፈውን የሚያውቅ ቢኖር እሷ አይደለችም። ሚስት ይኑራቸው አይኑራቸው፣ በምን ይመኑ፣ ማን ያውቃል! ደፍሮ የጠየቃቸው ተማሪ ቢኖር «የዛሬው ትምህርት እሱ አይደለም» ይሉታል፤ በቃ።

የሚታወቁት በአንድ ቃል ነበር፤ «ስለዚህ» በሚለው።

ተማሪ ድርሰቱን ሲያነብ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «ስለዚህ» ያለ ጊዜ ግን ጠመኔያቸውን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ።

«'ስለ ይህ' ነው ያልከው። 'ይህ' የቱ ነው? በጣትህ አሳየኝ።»

ተማሪው ሰሌዳው ላይ ከተጻፉት ምክንያቶች የትኛውን ይዞ እንደተናገረ ይጠቁማል። የሚጠቁመው ካጣ ይቀመጣል። ውሎ አድሮ ነገሩ ልማድ ሆነና፣ «ስለዚህ» በተባለ ቁጥር ስልሳው ተማሪ ሳይታዘዝ ጣቱን ይቀስር ጀመር።

አንድ ቀን ራሳቸው ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ «ፈረስ ሣር ይበላል። በሬ ሣር ይበላል። ስለዚህ በሬ ፈረስ ነው።»

«ታዲያ ጋሪ ይሳባ!» አለ ከሾኔ የመጣው ጠና ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እሳቸውም ሳቁ። «አንድ ሣር የበላ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሙግት ሕፀፅ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። በበሬና በፈረስ ሲሆን ያስቃል። በሰው ሲመጣ ግን አያስቅም።»

ገበያም ወጥተው ያው ናቸው። በርበሬ ሻጯ ታንጉት «ሆሳዕና በሙሉ ከኔ ነው የሚገዛ፤ ስለዚህ ምርጥ ነው» ብትላቸው፣ «ብዙ ሰው መግዛቱ ምርጥነቱን አያሳይም እኮ፣ እትዬ» አሏት።

«እንግዲያው አይግዙኛ!»

መልሱ ደስ አሰኝቷቸው ሁለት ኪሎ ገዙ። ጣቢታ ይህን በዓይኗ አይታለች።

በ1976 ዓ.ም. ጣቢታ ሦስት ሰኞ በተከታታይ ከትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ውይይት ክበብ ቀረች። የእነሱ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ፣ በአክስቷ በብርቅዬ ጓሮ፣ እንሰቱ መሐል፣ ስድስት ሰባት ሆነው በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሁሉ ውይይት ላይ ስለሚውል የሚመቸው ሰዓት እሱ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በቲቸር ጥላዬ መስኮት ሥር ያልፋል፤ እሷም የምታልፈው ውይይቱ ሳይጀመር፣ እሳቸው ለምሳ ቤት ገብተው ሳለ ነው።

በአራተኛው ሰኞ በክፍል ጓደኞቿ ፊት ለሂስ አቆሟት። ሰብሳቢው ሀብቴ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት እሱም የቲቸር ጥላዬ ተማሪ ነበር። «ፀረ አብዮት» ተብላ ከተጻፈች ትባረራለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊደርስ ሦስት ወር ቀርቶታል። አባቷ አቶ ባፈና ከሌሞ ገጠር በጋሪ ቆጮ እየላከ እዚህ ያደረሳት ለዚያ ፈተና ነው።

«ጓዲት ጣቢታ፣ የት ነበርሽ?»

መሬት መሬት አየች።

«የት ነበርሽ እኮ ነው የምልሽ!»

መዋሸት አይሆንላትም። እውነቱን መናገር ደግሞ አክስቷን ማስያዝ ነው።

ሀብቴ ደብተሩን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። «ፀረ አብዮተኞች ከውይይት ይቀራሉ። ጣቢታ ከውይይት ቀርታለች። ስለዚህ...»

የስልሳ ሰው ጣት ተቀሰረ። አንዳንዱ ወደ ደብተሩ፣ አንዳንዱ ወደ ጣሪያው፤ ጠናማ በመስኮት ወደ ሜዳው፣ የጋሪ ፈረስ ወደሚግጥበት። ማመፃቸው አልነበረም፤ እጃቸው ለምዶ ነው። የሚገርመው የሀብቴም ቀኝ እጅ ግማሽ መንገድ ተነሥቶ ነበር። አየት አደረገውና ጠረጴዛው ሥር ደበቀው።

ማንም አልሳቀም። ሀብቴ ፊቱን አጥቁሮ መምህራኑ ወደተቀመጡበት ጥግ ዞረ።

«ጓድ ጥላዬ፣ ይሄ የእርስዎ ትምህርት ነው?»

«የኔ ነው» አሉ ተነሥተው። «አንተም ዘጠና ሁለት ያገኘህበት።»

«ታዲያ የት ነበረች?»

«አልተናገረችም። ዝም ማለቷ ዝም ማለቷን እንጂ ሌላ አያሳይም። መቅረቷን ጻፍ፤ እሱ ሐቅ ነው። ከ'ስለዚህ' በኋላ ያለውን ግን የምታቆምበት መሠረት የለህም።»

ሀብቴ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ አንድ መስመር ሰረዘ።

«ሦስት ጊዜ በመቅረት፣ ማስጠንቀቂያ» ብሎ አነበበ። «ቁጭ በይ።»

ስብሰባው ሲበተን ጣቢታ ሮጣ በሩ ላይ ደረሰችባቸው። ማመስገን ነበር ያሰበችው፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ቲቸር፣ የት እንደነበርኩ ያውቁ ነበር እንዴ? በመስኮትዎ ሥር ነው እኮ የማልፈው።»

ቲቸር ጥላዬ ከኮታቸው እጅጌ ላይ የጠመኔ ብናኝ አራገፉ።

«የዛሬው ትምህርት እሱ አይደለም» አሉና ቁልቁል ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።