የአክስቴ ቆርቆሮና የአባቴ አንቴና

አባቴ የአክስቴን ልጅ «እጇ የረጋ ነው» ብሎ ያደነቃት ቀን ምሳዬን አልጨረስኩም። ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብዬ ተነሳሁ። ማንም አላመነኝም፤ ሁሉም ሽሮውን እየበሉ ነበራ።

የሚያናድደው፣ እውነቱን ነው። እጇ የረጋ ነው። የኔ ደግሞ አይደለም።

አባቴ አዳማ ውስጥ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የመኪና ሬዲዮ ይጠግናል። ስልክ የማይሠራበት ገጠር የሚገቡት መኪኖች ከቢሮ ጋር የሚነጋገሩት በሬዲዮ ነው። ከእያንዳንዱ መኪና ኋላ አንድ ወፍራም አንቴና ቆሟል፤ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ሞተር አለችው። ቻናል በተቀየረ ቁጥር አንቴናው ወይ መርዘም ወይ ማጠር አለበት። ይህን የምታዘው ከሾፌሩ ጎን የተገጠመች፣ ከአንድ ፍሬ የልብስ ሳሙና ብዙም የማትበልጥ ሳጥን ናት። ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደዞረ እየቆጠረች የየቻናሉን ቁመት ታስታውሳለች። ቁልፉን ሲጫኑት አንቴናው ዝዝዝ እያለ ይወጣና ራሱ ቦታው ላይ ይቆማል። እኔ ለዚያች ዝዝዝ እሞታለሁ። ቁልፉን የምጫነውም ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

ነበርኩ። ዘንድሮ ግን የአክስቴ ልጅ ከቡልቡላ መጥታ እኛ ቤት ሆና መማር ጀመረች። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። አባቴ «ካቻቢቴ አቀብይኝ» ሲል እኔ ከመነሳቴ በፊት ካቻቢቴው እጁ ላይ ነው። ያውም በመያዣው በኩል አዙራ ነው የምትሰጠው። እንዲህ ዓይነት ሰው አብሯችሁ ኖሮ ያውቃል?

አንድ መኪና ከመስክ ሲመለስ አንቴናውን የግራር ቅርንጫፍ መታውና ሳጥኗ ቆጠራው ጠፋባት። ረጅም ስትባል አጭር፣ አጭር ስትባል ረጅም። አባቴ ቅዳሜ ጠዋት እንደገና ሊያስተምራት፣ ከዚያ ወደ ላንጋኖ ወስዶ ከሩቅ ሊሞክራት ወሰነ። እኔ ከዓርብ ጀምሮ ለብሼ ነበር ማለት ይቻላል።

«ዛሬ አንቺ ሞክሪው» አላት፣ የአክስቴን ልጅ።

«እኔስ አባ?»

«አንቺ ገመዱን ያዢልኝ።»

ገመዱ ቆርቆሮ የሚታሰርበት ነው። ላንጋኖ የሚኬደው በቡልቡላ በኩል ነው፤ በእኛ ቤት ደግሞ ወደ ቡልቡላ ባዶ መኪና አይሄድም። አክስቴ ለማድ ቤቷ ጣሪያ የገዛችው ቆርቆሮ በመኪናው አናት ፖርቶ መጋላ ላይ ተጭኖ፣ ጫፉ ከኋላ አንቴናው አጠገብ ደርሷል። አባቴ ጭነት ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ መኪናው ላይ ጭነት ከሌለ ነው አንድ ነገር ጎደለ የሚለው።

እያሰረ ይነግራታል። «እስከ ታች አውርጂው። ቆመ? ዜሮው እሱ ነው። አሁን ቀስ አድርገሽ አውጪው። ጠቋሚው ሲወርድ አቁሚ።»

የሬዲዮው ጠቋሚ መርፌ የሚያሳየው አንቴናው ሳይልከው ወደ ሬዲዮው የሚመልሰውን ኃይል ነው፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው። በአንድ ጊዜ አገኘችው። ቁልፉን ተጭና ስትቆይ ሳጥኗ ጢጥ አለች፤ ያዝኩት ማለቷ ነው። «እንደ ሰዓት ሠሪ!» አለ አባቴ። እኔ ገመዱን ቋጠርኩት። በጣም ቋጠርኩት።

መቂ ላይ ቆመን ስትሞክረው ከአዳማ የቢሮው ሰውዬ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ከኋላ ወንበር ሆኜ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ቡልቡላ ስንደርስ አክስቴ ልጇን አገላብጣ ስማ፣ ከአባቴ ጋር በኦሮምኛ ስትሳሳቅ ቆይታ፣ ገመዱ ጋ ስትደርስ «ማነው እንዲህ የቋጠረው?» ብላ በቢላ ቆረጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው ያኮረፈችው?»

«መኪና ያዞራታል» አለች ልጇ።

አያዞረኝም! ከተወለድኩ ጀምሮ አዙሮኝ አያውቅም።

ቆርቆሮውን አራግፈን ሻይ ጠጥተን ወጣን። ላንጋኖ፣ ሐይቁ ከሚታይበት መገንጠያ ላይ አባቴ መኪናውን አቆመና «እስቲ» አላት። ተጫነችው። ዝዝዝ። አንቴናው ቆመ። ጠቋሚው ግን ሽቅብ ተሰቀለ። ከአዳማም ሽሽሽ ከሚል ድምፅ በቀር ምንም የለም።

«ምን ነክተሽ ነው?» አልኳት። ድምፄ ማር ሆኖ ነበር።

«እናቴ ትሙት ምንም አልነካሁም! አጎቴ፣ ጠዋት አይተኸዋል አይደል?»

አባቴ ወርዶ ሽቦውን ነካካ፣ የአንቴናውን ሥር አጠበቀ። ምንም። እሷ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ደስ ብሎኝ፣ እውነት በጣም ደስ ብሎኝ፣ አንቴናውን ለማየት ወረድኩና ዓይኔ ፖርቶ መጋላው ላይ አረፈ። ባዶ ነው።

«አባ፣ ጠዋት ሳጥኗን ስታስተምሯት ቆርቆሮው መኪናው ላይ ነበር።»

ቀና ብሎ ፖርቶ መጋላውን አየ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታና እዚያው መንገድ ዳር ሳቀ። ብረት አንቴና አጠገብ ካለ ትክክለኛው ቁመት ይለወጣል። ሳጥኗ የያዘችው ከነቆርቆሮው ያለውን ነው፤ መቂ ላይ የሠራውም ለዚያ ነው። «ለእህቴ ማድ ቤት ነው ያስተካከልነው በሉኛ!» አለ። «ነይ፣ አንቺ ቁጭ በይ። ከዜሮ ጀምሪ።»

ከፊት ተቀመጥኩ። እስከ ታች አወረድኩት፣ ማውጣት ጀመርኩ፣ ጠቋሚው ወረደ፣ እኔ ሳላቆም እንደገና ወጣ።

«አለፈሽ» አለች ከኋላ።

«ይታየኛል።»

«ደግሞ አለፈሽ።»

«ይታየኛል አልኩሽ እኮ!»

በሦስተኛው ሳጥኗ ጢጥ አለች። በሕይወቴ እንደዚያች ጢጥ የሚጥም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ግን ማይኩን ከትከሻዬ በላይ አሳልፎ ለሷ ሰጣት። «አንቺ ጥሪ፣ ድምፅሽ ይሰማል» አላት። አቃጠለኝ።

«አዳማ፣ አዳማ፣ ይሰማል?»

«ጥርት ብሎ ይሰማል» አለ ሰውዬው ከአዳማ። «ልጅህ ናት እንዴ? ድምጿ እንዴት ያምራል!»

አባቴ ማይኩን ተቀበላት። «የእህቴ ልጅ ናት። ልጄማ አንቴናው ላይ ናት።»

«ይዛት፣ እንዳትወድቅ!»

ሦስታችንም ሳቅን። እሷ ግን ከእኛ ቀድማ አቆመች፤ በመስታወቱ አየኋት፣ ወደ ሐይቁ ዞራለች። አሳዘነችኝ። ቢሮው ጠዋትና ከሰዓት የሚጠራበት ቻናል ይለያያል፤ የከሰዓቱ ገና አልተስተካከለም ነበርና፣ ይሄኛውን አንቺ ሥሪው ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በአንድ ጊዜ እንደምታገኘው ገባኝ።

የከሰዓቱንም ራሴ ሠራሁት። አምስት ጊዜ አለፈኝ።