ጋቢና የተቀመጠ ያወራል

አራት ነበርን። መሪውን የያዙት ጋሼ ሸምሱ ናቸው፤ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ሲመላለሱ ጢማቸው የሸበተ ሹፌር። ከወንበሩ ኋላ ባለችው ጠባብ መኝታ ላይ ረዳታቸው ታምራት ተጋድሟል፤ መኪናው ካልቆመ አይነቃም ይባልለት ነበር። መካከል ላይ የመርካቶዋ ጨርቅ ነጋዴ እትዬ ሉባባ ተቀምጠዋል፤ አዋሽ ያለች እህታቸውን ሊጠይቁ ነው። በሩ በኩል ደግሞ እኔ፣ አብዱ።

ይህን ያስታወሰኝ አንድ የታክሲ ረዳት ነው። ባለፈው ሳምንት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ «ጋቢና አለ፣ ጋቢና!» ሲል ጠራኝ። አመስግኜው አልፌ ከኋላ ሦስት ሰዎች በተጠጋጉበት ወንበር ላይ አራተኛ ሆንኩ። ግራ ገብቶት አየኝ። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ጋቢና መቀመጥ አይሆንልኝም።

ዘመኑ የአገሩ ጭነት ሁሉ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ የዞረበት ነበር። የክረምቱ ጭቃ ገና ሳይደርቅ፣ ከእህል በረንዳ ቦሎቄ የጫነው መኪና ላይ ወጣሁ። ያኔ የልብስ ቁልፍና የክር ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ትምህርቴን ካቋረጥኩ በኋላ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ፤ ከሰው ጋር መጫወት ግን የሚያስተምር መጽሐፍ አላገኘሁም።

የምሄደው ታላቅ ወንድሜን ነስሩን ፍለጋ ነው። ከቤት ከወጣ ሁለተኛ ክረምቱ ነበር። አንድ የሰፈራችን ሰው ጅቡቲ ውስጥ፣ ወደቡ አጠገብ ካለ የዓሣ መጋገሪያ ቤት ሲሠራ እንዳየው ለእናቴ ነገራት። እናቴ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በጣሳ ሞልታ ሰጠችኝና «አብላውና ይዘኸው ና» አለችኝ።

የከባድ መኪና ሹፌሮች አንድ ደንብ አላቸው፤ ጋቢና የተቀመጠ ያወራል። ሙቀቱ፣ የሞተሩ ጩኸትና የማያልቀው ቀጥ ያለ መንገድ ተባብረው የሹፌሩን ዓይን ይከድኑታል። ወሬ ነው የሚያነቃው። እስከ አዋሽ ድረስ የኔንም ድርሻ እትዬ ሉባባ አወሩልኝ። ጋሼ ሸምሱ ጣልቃ ሊገቡ ሲሉ፣ «አንተ መኪናውን ንዳ፣ ወሬውን እኔ ልንዳው!» ይሏቸዋል። አዋሽ ሲወርዱ ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ከቦሎቄው ጋር ሸራ አልብሰኸዋል እንዴ? ይሄ ሰውዬ ካንቀላፋ ሜዳ ላይ ነው የሚገለብጣችሁ።»

ከአዋሽ ወዲያ መስኮቱን ብከፍተውም የሚገባው እንደ ምድጃ የሚያቃጥል ነፋስ ነበር። የመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሮበታል። ጋሼ ሸምሱ ፊታቸውን በእርጥብ ፎጣ ጠረጉ።

«አብዱ፣ ዓይኔ ከበደኝ። አውራ።»

«ምን ላውራ፣ ጋሼ?»

«ያሻህን።»

ጨነቀኝ። ያየሁትን መቁጠር ጀመርኩ። «ግራር፤ ጫፉ ላይ የአሞራ ጎጆ አለ። ሁለት ግመሎች፤ የኋለኛው የፊት እግሩ ታስሯል። ቢጫ ጀሪካን የያዘች ሴት...»

ሳቃቸው መሪውን አነቃነቀው። «ይሄንንማ እኔም አያለሁ፣ ዓይኔ አልጠፋ! የማላየውን ንገረኝ። አለዚያ ገዋኔ አውርጄህ አፍ ያለው ሰው እጭናለሁ።»

ቀልዳቸው ይሁን ምራቸው አላወቅኩም። ገዋኔ ከወረድኩ ደግሞ ነስሩ ዘንድ አልደርስም። የማያዩት ነገር አንድ ብቻ ነበረኝ፤ ነገርኳቸው። ለእኔና ለነስሩ አንድ ደህና ጫማ እንደነበረን፣ በየተራ እንደምናደርገው፤ የሄደ ዕለት ተራው የእሱ እንደነበር፤ ዝናብ እየዘነበ ጫማውን ከአልጋዬ ሥር አስቀምጦልኝ በነጠላ ጫማ እንደወጣ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጋሼ ሸምሱ አንዴ ወደ እግሬ አዩ። ጫማው እግሬ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ገዋኔ ላይ ስለማውረድ አላነሱም።

ሎግያ አድረን በማግስቱ ጋላፊ ላይ ድንበሩን ተሻገርን። ወዲያ ማዶ ምድሩ ሌላ ነው፤ የተቃጠለ የሚመስል ጥቁር ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሲወጡ ነጭ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ውሃ የሚመስል ግን ውሃ ያልሆነ ነገር። እንዲህ ያለ ውበት ብቻውን ለሚያየው ሰው ይከብዳል። ባሕሩን ያየሁት ከሰዓት በኋላ ጅቡቲ ስንደርስ፣ በቆሙ መኪኖች መካከል ነው። ከማየቴ በፊት ጨው ጨው የሚል ሽታው መጣ።

የዓሣ መጋገሪያውን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። በር ላይ አንድ የወሎ ልጅ ለሁለት የተሰነጠቀ ዓሣ በብረት ሜንጦ ከምድጃ ያወጣል።

«ነስሩ፣ የመርካቶው?» አለኝ። «ተሻገረ እኮ፣ ወንድሜ።» በሜንጦው ባሕሩን አሳየኝ። «የመን። ከየመን ወዲያ አላህ ነው የሚያውቀው።»

ዓሣ አቀረበልኝ። መብላቴን አስታውሳለሁ፤ ጣዕሙን አላስታውስም።

ጋሼ ሸምሱ ጣሳውን በእጄ እንደያዝኩ ስመለስ አዩኝ። በመመለሻችን ጋቢና ተቀመጥኩ፤ ደንብ ነውና ላወራ አፌን ከፈትኩ።

«ጋሼ፣ ያ ልጅ...»

«ዝም በል» አሉኝ ቀስ ብለው። «ዛሬ ጋቢና የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

አወሩ። ዲክልን አልፈን፣ ጥቁሩን ድንጋይ አልፈን፣ ድንበሩን ተሻግረን ያወራሉ። እግረ መንገዳቸውን ጣሳውን አስከፈቱኝ። «እናት የላከችው እናት እጅ አይመለስም። ብላ።» ቅቤው ቀልጦ ከላይ ተንሳፍፏል። በጣታችን በላን።

ቤት ስደርስ እናቴ ባዶውን ጣሳ አየችና ፊቷ በራ። «በላው?» አለችኝ። «እኛ ነን የበላነው፣ እማ። እሱ ተሻግሯል» አልኳት። ጣሳውን አጥባ መደርደሪያው ላይ ደፋችው። እስከ ዛሬም እንደተደፋ ነው፤ ከነስሩም ድምፅ የለም።

በዝርዝር አስታዋሽ ነህ ይሉኛል። የግመሉ የታሰረ እግር፣ የሜንጦው ዝገት፣ የጣሳው ክዳን ስርጉድ ቦታ ሳይቀር ዓይኔ ላይ ነው። ጋሼ ሸምሱ ያን ቀን ካወሩት ግን አንዲት ቃል አልያዝኩም። ድምፃቸው ብቻ ነው የቀረኝ። ሰው ለእኔ ብሎ ያን ያህል ያወራው ያኔ ብቻ ነበር፤ አልሰማሁም። እሳቸው ዛሬ የሉም።

እትዬ ሉባባ፣ እስከ አዋሽ ባለው ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። አንተ ግን ታምራት፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰህ አደራ። ተኝተሃል ብለን ነበር፤ ጭኮውን ስንበላ ግን እጅህ ከኋላ መጥታ ከጣሳው ዘግናለች። ነቅተህ ነበር። ጋሼ ሸምሱ ያን ሁሉ መንገድ ምን ነበር የነገሩኝ?