ከጓሮ የሰበርኋቸው ድስቶች

እኔ ንዴቴ ቶሎ የሚመጣ ሰው ነኝ፤ ከተማችን ፀዳ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ባጃጅ ነው የምነዳው። አንዱ መንገድ ይዘጋብኛል፣ አንዱ ጥሩንባውን ከጆሮዬ ስር ያስጮኸዋል፣ አንዱ ተሳፍሮ ይሰድበኛል። ቤቴ የምገባው ደሜ ፈልቶ ነው።

አንድ ጊዜ፣ ልጃችን ገና ትንሽ ሳለች፣ ሚስቴን ገፍትሬ ከግድግዳ አጋጨኋት። ከንፈሯ ደማ። የነፍስ አባታችን መጥተው አስታረቁን። ይቅር አለችኝ፤ ግን በእሳቸው ፊት እንዲህ አለች፦ «ሁለተኛ እጁ ቢነካኝ ልጄን ይዤ ወንድሞቼ ዘንድ እሄዳለሁ። ያኔ ማንም እንዳይለምነኝ።» አልቀለደችም። ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። እኔስ ያለ እሷና ያለ ልጄ ያ ቤት ምን ያደርግልኛል?

ይህን እጄን ግን የት ላድርገው? አንድ ባጃጅ ነጂ ጓደኛዬ መላ አመጣልኝ። «ንዴት ካልወጣ ይመርዝሃል፤ የማይረባ ዕቃ ፈልገህ ስበርበት» አለኝ። ነገሩ ሸጋ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ኮንትራት ይዤ ወለቃ ሄድሁና ከመንገድ ዳር ሸክላ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ዘንድ ቆምሁ። ከጀርባቸው እሳት ላይ ሲተኮስ የተሰነጠቀ ድስት ተከምሯል። ምን እንደሚያደርጉት ጠየቅኋቸው። ሰባብረው ይፈጩትና ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይቀላቅሉታል፤ ያለዚያ ድስት እሳት አይችልም አሉኝ።

«እንግዲያው ለእኔ ይስጡኝ፣ እማማ።»

«ውሰድ። ስባሪውን ግን መልስልኝ» አሉ። ተስማማን።

የመጀመሪያዋን ድስት ከጓሮ ድንጋይ ላይ ስፈጠፍጣት፣ ወይ እፎይታ! ትከሻዬ ቀለለኝ። እየሳቅሁ ገብቼ እራቴን በላሁ፤ ልጄን አቅፌ አጫወትኋት። መድኃኒቴን አገኘሁ አልሁ።

ወር ሳይሞላ አንዷ ድስት አልበቃ አለችኝ። መጀመሪያ የምሰብረው ሰው ሲሰድበኝ ነበር፤ በኋላ ወጡ ጨው ሲበዛበት፣ ስልኬ ቻርጅ ሲጨርስ ሆነ። ይባስ ብሎ ቀኑን ሙሉ ስነዳ ቤት ገብቼ የምሰብራትን ድስት አስባታለሁ፤ ስለዚህ የምናደድበት ነገር ፈልጌ እናደዳለሁ። መንገድ የዘጋብኝን ሰው «ቆይ ብቻ» እለዋለሁ በልቤ፣ ፊቱን ድስቷ ላይ እየሳልሁ። የተሰነጠቀው ሲያልቅ ደህናውን መግዛት ጀመርሁ። የተሰነጠቀ ሲሰበር ድምፁ የታፈነ ነው፤ ደህናው ይጮኻል።

አንድ ቀን ስባሪውን በማዳበሪያ ሞልቼ ስወስድላቸው ባልቴቷ ዘርግፈው አገላበጡት። አንዱን አንስተው በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይህ እኮ ደህና ነበር። ምነው ልጄ፣ ምን ሆኖ ተሰበረ?»

መዋሸት እችል ነበር፤ እውነቱ አመለጠኝ። ለንዴቴ መድኃኒት ነው አልኋቸው።

«ፊት በወር አንዴ ትመጣ ነበር። አሁን በሳምንት ሁለቴ። መድኃኒቱን ስትወስድ በሽታው የሚጠናብህ ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

ወይ ድፍረት! ከፊታቸው የተደረደረውን ድስት ሁሉ በእግሬ ልጠራርገው አማረኝ። የእናቴ እኩያ እኮ ናቸው! ሳልሰናበታቸው ሄድሁ።

መንገዱን ሙሉ ለብቻዬ ስከራከራቸው ነበር። ድስት ባልሰብር ሚስቴን እመታ ነበር፤ መስበር ከጀመርሁ ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ጫፏን አልነካሁም፤ ታዲያ ምኔ ነው የከፋው? አዘዞ ስደርስ በረደልኝ። ለልጄ ብርቱካን ገዝቼ እያፏጨሁ ቤቴ ደረስሁ።

ሚስቴ ደጃፉ ላይ ቆማለች። የባጃጁን ድምፅ ስትሰማ፣ ከጓሮ ካስቀመጥኋቸው ድስቶች አንዱን ይዛ ወጥታለች። ዘረጋችልኝ።

«እንካ፣ ሰብረህ ግባ።»

«ምን ሆነሻል? አልተናደድሁም እኮ!»

«ግድ የለም፣ ሰብረህ ግባ።»

በገዛ ቤቴ እንደ እብድ ልቆጠር? ብሽቅ አልሁ። ድስቱን ከእጇ ነጠቅሁት፤ ክንዴ እኔን ሳይጠይቅ ከራሴ በላይ ወጣ። ፊቴ ወደ እሷ ነበር።

ሚስቴ በሁለት እጇ ራሷን ሸፍና ግድግዳው ስር ቁጭ አለች። ልጄ ከውስጥ ሮጣ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠችና እሷም ራሷን ሸፈነች። አላለቀሰችም። የለመደችው ነገር ነበር።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልሁ። ድምፄ ለራሴ አስጠላኝ።

«አንተ ጓሮ ስትሰብር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሆነው» አለች ልጄ። «ስትጨርስ እማዬ ‹ተነሽ› ትለኛለች።»

ስሰብር የምቆመው ጀርባዬን ለቤቱ ሰጥቼ ነበር። ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ዞሬ አላየሁም። አፈርሁ። ድስቱን እንደ ምንም መሬት አስቀመጥሁት።

በነጋታው የቀሩትን ድስቶች ሳይሰበሩ ለባልቴቷ መለስሁላቸው። ተቀበሉኝ። ሚስቴም አልሄደችም። «እጅህ አልነካኝም» አለችኝ፤ ቃሏን ጠባቂ ናት። ንዴቴ እንዳለ አለ። አሁን ባጃጁን አቁሜ ጥቂት ቆይቼ ነው የምገባው። በሩን ስከፍት ቀድሜ የማየው የሚስቴ እጆች የት እንዳሉ ነው።