በየኔታ ድምፅ ላይ የቀዳሁት

የሚኒባስ ሹፌር የራዲዮ ጣቢያ ሲቀያይር፣ በአንዱና በሌላው ጣቢያ መካከል ያ ቀጭን ፉጨት ብቅ ባለ ቁጥር፣ የምወርድበትን ረስቼ ላሊበላ፣ አባባ ቤት፣ ከተቆለፈው በር በስተውስጥ ቁጭ እላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ታላቅ እህቴ ጥሩዬ ከኩልመስክ ገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ተጠለፈች። ሽማግሌ ገብቶ፣ እርቅ ወርዶ፣ የጠለፋት ሰው ባሏ ተብሎ ነገሩ ሲያበቃ፣ አባባ ጓጉንቸር ገዝተው መጡ። እሳቸው ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ እማዬ ወደ እርሻ ሲሄዱ በሩ ከውጭ ይቆለፍብኝ ነበር። እማዬ የመጀመሪያ ቀን መቀነቷን ስታጠብቅ ቆየችና፣ እኔም እንደ እህቴ እንዳልጠለፍ ለደኅንነቴ መሆኑን ነግራኝ፣ ዓይኔን ሳታይ ወጣች።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ጭጋጉ እስከ መስኮቱ ይመጣል፣ በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ ደግሞ አክስቴ ከጅዳ ያመጣችልንን ራዲዮ ያለው ቴፕ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ንግግር የሚሰማበትን ጣቢያ ሁሉ እያለፍኩ ፉጨቱንና ሹክሹክታውን ብቻ እፈልግ ነበር። ንግግሩ ሁሉ ውጭ ስላሉ ሰዎች ነበርና ያስከፋኝ ነበር፤ ፉጨቱ ግን የማንም አልነበረም። በአሮጌ ካሴት ቀዳሁት። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ እየወፈረና እየተጎተተ እንደሚሄድ ሳውቅ፣ ሆን ብዬ የደከመውን ከአዲሱ ጋር እየቀላቀልኩ አስኬደው ጀመር። ቴፑን ከፍቼ ስጎረጉር ደግሞ አንደኛዋ ትንሽ ብረት የቀደመውን ድምፅ እንደምታጠፋ ደረስኩበት፤ በማስቲካ ወረቀት ስሸፍናት አዲሱ ድምፅ በአሮጌው ላይ ተደርቦ ተቀዳ። በዚያ ቤት ውስጥ ከልቤ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

በመስከረም የትምህርት ቤት ልጆች ከቤታችን በላይ ባለው መንገድ ሲያልፉ፣ ሳቃቸውን በመስኮቱ ስንጥቅ ቀዳሁ። ጓደኞቼ ስድስተኛ ክፍል ገብተው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የአሮጌው ካሴት ክር ቴፑ ውስጥ ተጠምጥሞ ተበጣጠሰና የቀረን አንድ ካሴት ብቻ ሆነ፤ እሱም የየኔታ ነበር። የኔታ በገነተ ማርያም ደብር ሆነው አባባን ዜማ ያስተማሩ፣ ከሞቱም ሦስት ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። አባባ ድምፃቸውን ራሳቸው ቀድተው፣ ማንም እንዳይቀዳበት የካሴቱን ሁለት የፕላስቲክ ጆሮ ሰብረው፣ በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡት ነበር።

አንድ ወር ያህል ታገስኩ። ከዚያ በተሰበሩት ጆሮዎች ቦታ ወረቀት ጠቀጠቅሁና መቅዳት ጀመርኩ። የማስቲካዋ ወረቀት ያቺን ብረት እስከሸፈነች ድረስ የየኔታ ድምፅ ከሥር እንደሚተርፍ አምኜ ነበር፤ ወይም ማመን ፈልጌ ነበር። በጋውን ሙሉ የሰበሰብኩትን ሁሉ እየደራረብኩ፣ ማታ ማታ ካሴቱን ወደ ነጠላው እመልሰው ነበር።

በዐቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ አባባ ሁለት ደብተራ ባልንጀሮቻቸውን ይዘው መጥተው፣ የኔታን ላሰማችሁ ብለው ካሴቱን አስገቡ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። መጀመሪያ ፉጨቱ መጣ፣ ቀጥሎ የበልግ በረዶ የመታው ቆርቆሮ፣ ከዚያ የጓጉንቸሩ ቀጭ ማለት፣ አሁንም ቀጭ፣ ደግሞ ቀጭ፣ ማለቂያ የሌለው። ከሁሉም ሥር፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ሰው፣ የየኔታ ድምፅ አንዴ ብቅ አንዴ ጥልቅ ይላል። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያይተው ምክንያት ፈጥረው ወጡ። አባባ ግን አላጠፉትም፤ እስከ መጨረሻው ሰምተው ጠሩኝ።

«ይኼ የእኔ ቁልፍ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ምነው ይኼን ያህል ደጋገምሽው?»

«በየቀኑ አንዴ ነው የቀዳሁት። ሲቆልፉብኝ።»

ካሴቱን ከቴፑ አወጡት። ከዚያ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «የኔታን ግን ምን በደሉሽ?» አሉኝ።

«ከሥር የሚቀሩ መስሎኝ ነበር።»

ይመቱኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ። በማግስቱ ቴፑን ወስደው ለጥሩዬ ሰጧት። ሰኞ ጠዋት ሲወጡ በሩ አልተቆለፈም። እኔ ግን እስከ እኩለ ቀን ድረስ መደቡ ላይ ተቀምጬ የተከፈተውን በር ሳየው ቆየሁ እንጂ አልወጣሁም። ትምህርት ቤት የተመለስኩት በቀጣዩ መስከረም ነው፤ እማዬ እስከ ግቢው በር ድረስ ከኋላዬ እየተከተለችኝ።

ዛሬ ደሴ፣ በኪራይ ቤቴ፣ በኮምፒውተር ድምፅ በድምፅ ላይ እየደረብኩ ያንኑ ዓይነት ሙዚቃ እሠራለሁ፤ የሚሰሙት ጥቂቶች ናቸው። ያኔ አንድ ድምፅ ለመጨመር ሌላውን ማደብዘዝ ነበረብኝ፤ አሁን ድምፅ ሁሉ በየስሙ ተቀምጦልኛል፣ የተሳሳትኩትም ይመለሳል። ባለፈው ዓመት አባባን ልጠይቅ ላሊበላ ወጥቼ፣ ከየኔታ የተማሩትን ዜማ እንዲያዜሙልኝ ለመንኳቸው። ስልኬን አጠገባቸው አስቀመጥኩ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፣ ጥቂት ሄዱ፣ ቆሙ፣ ከመጀመሪያው ያዙት፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ቆሙ።

«ከዚህ ወዲያ ጠፍቶብኛል፣ ልጄ» አሉኝ።

ስልኩ ዝምታችንን እየቀዳ ነበር። እኔም አላቆምኩትም።