ከፒካፗ ሥር የሰማነው ኳኳታ

ትዕዛዙ የደረሰን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። «ቁስለኞቹን ጭናችሁ ወደ ኋላ ውሰዱ። ሸራው ጠብቆ ይታሰር። ሕክምና ጣቢያ እስክትደርሱ እንዳይፈታ!» አለን መቶ አለቃው። ምክንያቱን አልጠየቅነውም። ከላይ ድሮን ይዞር ነበር። ሰው የጫነ መኪና ካየ አይምርም፤ ሸራ የለበሰውን ግን አንዳንዴ ያልፈዋል።

ጉብታውን የያዝነው ጎህ ሲቀድ ነበር። ስም ያለው ቦታ አይደለም፤ እኛ «ግመሉ» እንለው ነበር። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳንቆይ ሞርታር ዘነበብን። ምሽጉ ከጉልበት አያልፍም። የቻልነውን ያህል ተኮስን፣ ከዚያ ቁስለኞቻችንን ተሸክመን ወረድን።

ይህን የምጽፈው ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ ከምሠራበት ጋራዥ ጀርባ ባለችው ኪራይ ክፍሌ ውስጥ ነው። የእህቴ ልጆች በስልክ «አጎቴ ሙሳ፣ ጦርነት እንዴት ነው?» ይሉኛል። የሚጠብቁት ፊልም የሚመስል ነገር ነው። እኔ ግን ያለኝ የአንዲት መኪና ድምጽ ብቻ ነው፤ እሱን ልንገራቸው።

የሻምበላችን መካኒክ ነበርኩ። በጆሮዬ እኮራ ነበር። ኮፈኑን ሳልከፍት የሞተሩን በሽታ በድምጹ እናገር ስለነበር ጓዶቼ «ሐኪሙ» ይሉኝ ነበር። ስሙን ወድጄው ነበር፣ አልዋሽም።

ያን ቀን ፒካፗ ካሶኒ ላይ ሦስት ቁስለኞች ጫንን። ሁለቱ ራሳቸውን ስተዋል። ሦስተኛው ከስልጠና ጀምሮ ያልተለየኝ ጓደኛዬ ከድር ነበር። አገጩ ተመትቶ ፊቱ እስከ ዓይኑ ሥር በፋሻ ተጠቅልሏል፤ መናገር አይችልም። ሁለት እጆቹም በፍንጣሪ ተቆራርጠው ታስረዋል። ግራ ጭኑ ክፉኛ ይደማ ነበር፤ ደም ማቆሚያውን ያሰርኩለት እኔ ራሴ ነኝ። ዓይኑ ግን ንቁ ነበር። ሸራውን ስጎትት ያየኝ ነበር።

ከድር በሰላሙ ጊዜ ስለ ሀርጌሳ አውርቶ አይጠግብም ነበር። «ታላቅ ወንድሜ ጀማል ጅግጅጋ ያር ጋራዥ አለው። ስንለቀቅ አብረን እንሄዳለን ኢንሻላህ። የአንተን ጆሮ ካየ እኔን ይረሳኛል» ይለኝ ነበር እየሳቀ።

ሾፌሩ አሥር አለቃ ታምሩ ነበር። እኔ ጎኑ ጋቢና ተቀመጥኩ። ደረቁን ወንዝ እንደተሻገርን ከሥር ኳ፣ ኳ፣ ኳ የሚል ድምጽ ሰማን።

«ሐኪሙ፣ ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?» አለ ታምሩ።

«አቁማት» አልኩት። እዚያ መንገድ ላይ መኪና ከተሰበረብን ሁላችንም አለቀልን። ወርጄ ሸራውን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩና «ከድር፣ አይዞህ! መኪናዋ ናት። ዝም ብለህ ተኛ፣ ድምጹን እየፈለግኩ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ከሥር ገብቼ ባሌስትራውን ነቀነቅኩ፣ ቡሎኖቹን ነካካሁ። የላላ ነገር የለም። አራት ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ።

እንደተነሳን እንደገና ጀመረ። አሁን ፈጠን ብሏል። አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር። ድምጹ መንገዱን አይከተልም፤ ኮረኮንች ላይም ሜዳ ላይም እኩል ይመታል። የመኪና ኳኳታ እንዲህ አይደለም። ይህን አውቄ ነበር። አውቄም «ይሄ ከባድ በሽታ ነው» ብዬ ይበልጥ ወደ ታች አዳመጥኩ እንጂ ወደ ላይ ማሰብ አልመጣልኝም። ዕድሜዬን በሙሉ ኳኳታ የፈለግኩት ከመኪና ሥር ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ቆምን። «ዝም በል ወንድሜ፣ ትንሽ ታገስ» አልኩት በሸራው ላይ። ታገሰ። ከሥር ገባሁ፤ ምንም አላገኘሁም።

ሦስተኛ ጊዜ ስንቆም ተናድጄ ነበር። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ትንሽ የሚወዛወዝ መሰለኝና በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። ተነሳን። ኳኳታው ለዘብ አለ። ከዚያ አለፍ አለፍ እያለ ይሰማ ጀመር። ከዚያ ጠፋ።

«እጅህ ይባረክ! ሐኪም ያሉህ ወደው አይደለም» አለ ታምሩ ትከሻዬን እየመታ።

ደስ አለኝ። ይህን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ። የቀረውን መንገድ በደስታ ነው የሄድኩት።

ሕክምና ጣቢያው የደረስነው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሸራውን ፈታን። ሁለቱ ይተነፍሳሉ። ከድር ሞቷል። ያሰርኩለት ደም ማቆሚያ በንዝረቱ ላልቶ ወደ ጉልበቱ ወርዷል፤ የካሶኒው ወለል በደም ተሸፍኗል። የቀኝ ጫማው ተረከዝ ያረፈበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። ከመላ ሰውነቱ ያልቆሰለው ያ እግሩ ብቻ ነበር።

የሕክምና ባለሙያዋ ማሰሪያውን አንስታ አየችው። «አንድ ደቂቃ ቆማችሁ ብታጠብቁለት ይተርፍ ነበር» አለች። ሦስት ጊዜ መቆማችንን አልነገርናትም። ታምሩ ሸራውን መጠቅለል ጀመረ። እኔ ሽቦውን ያሰርኩበትን መቆንጠጫ እንደያዝኩ ነበር።

ከሠራዊቱ ስለቀቅ ወደ ሀርጌሳ መጣሁ። የመጣሁት ለከድር ወንድም ለጋሽ ጀማል እውነቱን ልነግረው ነበር። ፊቱን ሳይ ከድርን መሰለኝና አቃተኝ። «ወዲያው ነው የሞተው። አልተሰቃየም» አልኩት። «አልሐምዱሊላህ» ብሎ አቀፈኝ። አልጋ ሰጠኝ፣ ሥራ ሰጠኝ። ዋሄን ገበያ ወስዶ ልብስ ገዛልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ትሪ በላን።

ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት፣ ከበርበራ ዓሣ የሚያመላልስ ሰው ከሥሯ የምታንኳኳ ፒካፕ አመጣ። ጋሽ ጀማል እንዲህ ያለውን የሚፈልግበት የራሱ ዘዴ አለው። አንዱ ይነዳል፤ ሌላው ካሶኒው ላይ ተኝቶ ጆሮውን ወለሉ ላይ ይለጥፋል። ድምጹ ከሥሩ ሲሰማው ወለሉን መትቶ ሾፌሩን ያስቆማል። ሁልጊዜ የሚነዳው እሱ፣ የምተኛው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ጉልበቱን አሞት ፍሬን መርገጥ ስላቃተው ተለዋወጥን።

ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን ጋሽ ጀማል በተረከዙ መታ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

አቆምኩ። ከጋቢናው መውረድ ግን አልቻልኩም። እያነከሰ መጥቶ በሩን ከፈተልኝ። «ሙሳ፣ ምነው? ምን ሆንክ?» አለኝ። ያኔ ሁሉንም ነገርኩት።

አላቋረጠኝም። ስጨርስ «ስንት ጊዜ ቆማችሁ?» አለኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስቱንም ጊዜ ከሥር ገባህ?»

«አዎ።»

«ዝም በል አልከው?»

«አዎ፣ ጋሽ ጀማል።»

መንገዱ ዳር ቁጢጥ አለ። ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ አለፉን። «እናቴ ይህን እንዳትሰማ» አለኝ። ከዚያ ተነሳ። «ግባና ድምጹን ፈልግ። ሰውየው መኪናውን ይጠብቃል።»

ገባሁ። የኋላው አሞርዛተር ጎማ አልቆ ብረት ከብረት ይጋጭ ነበር። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ያባርረኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢመታኝም ደስ ባለኝ። ምንም አላደረገኝም። እስከ ዛሬ ከአንድ ትሪ እንበላለን።

ያን ቀን ግመሉ ላይ ከወጣነው ሠላሳ አራት ሰዎች አሥራ አንዱ ሞቱ። አሥሩን የገደላቸው ጠላት ነው። የእህቴ ልጆች ስንት ሰው ገደልክ ብለው ሲጠይቁኝ ዝም የምለው በአሥራ አንደኛው ምክንያት ነው። የተኮስኩት ጥይት ማንን እንዳገኘ አላውቅም። ከድርን ግን አውቃለሁ። አላህ ይርሐመው።

የጋሽ ጀማል ጉልበት ከዳነ ቆየ። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ከሥር የሚያንኳኳ መኪና በመጣ ቁጥር ቁልፉን ለእኔ ይወረውርና እሱ ካሶኒው ላይ ይተኛል። እኔ እነዳለሁ። አንዳንድ ቀን መኪናው ምንም ድምጽ ሳያሰማ በተረከዙ ይመታል። አቆማለሁ፤ ወርጄ በቅድሚያ ካሶኒውን አያለሁ። በጀርባው ተኝቶ ያየኛል። ከዚያ ተመልሼ እነዳለሁ።