እሰይ የሚለው ቁልፍ

ጋሼ የሚኖሩት ሀና ማርያም ሰፈር ነው፣ እኔ ለቡ። አንድ ታክሲ ነው። የምንገናኘው ግን በሬዲዮ ነበር፤ በየጠዋቱ፣ ሥራ ከመሄዴ በፊት። አማተር ሬዲዮን፣ ከቤት ሆኖ በራስ ማሰራጫ ከሰው ጋር ማውራትን፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጣሪያዬ ላይ ወጥተው አንቴናዬን ያቆሙልኝም እሳቸው።

ችግሩ ሰላምታቸው አያልቅም። እናትህ እንዴት ነች፣ ልጆቹስ፣ እናንተ ጋ ዘነበ ወይ... እኔን ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቀኛል፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ድሮም አልፈጠረብኝም። ስለዚህ ሬዲዮዬን ከኮምፒውተር በሚያዝዘው ፕሮግራም ላይ ማክሮ ሠራሁ፤ ብዙ ትእዛዝ ደራርቤ በአንድ ቁልፍ አሰርኩ ማለት ነው። ቁልፏን ስነካት ፕሮግራሙ ማሰራጫውን ይከፍትና ቀድሜ የቀረጽኩትን ድምፄን ይለቃል፤ "እንዴት አደሩ ጋሼ? እትዬስ እንዴት አደሩ?" ከዚያ ጋሼ ተናግረው ሬዲዮው ጸጥ እስኪል ይጠብቅና ይቀጥላል፤ "እሰይ! እሰይ! ተመስገን ነው! ሁሌም እንዲህ ደስ የሚል ወሬ ያሰማን!"

እሰይዋን ደጋግሜ ነው የቀረጽኳት፤ ከልብ የወጣች እንድትመስል። እሷ ስታወራልኝ እኔ ጫማዬን አስራለሁ። እትዬ፣ ባለቤታቸው፣ መታመማቸውን አውቃለሁ። ግን ጋሼ መልሳቸው ሁሌም "ተመስገን፣ እየተሻላት ነው" ስለሆነ ምን ችግር አለው አልኩ። ሚስቴ ሳሳያት "ነውር አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ቴክኖሎጂ አይገባሽም ብዬ አፏን አስያዝኳት። ኮርቼ ነበር እኮ!

አንድ ቀን ጠዋት ቁልፏን ነክቼ ሻይ ልቀዳ ኩሽና ገባሁ። ስመለስ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ደረስኩ።

"ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርግላት የለም፣ ቤቷ ትሁን አሉኝ። ለሷም ለልጆቹም አልነገርኩም። ላንተ ብቻ ነው።"

ብርጭቆውን ጥዬ ሮጥኩ። አልደረስኩባትም። "እሰይ! እሰይ! ተመስገን ነው!" አለ የገዛ ድምፄ፤ እስከ መጨረሻውም ወረደው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የኔማ ከአፌም አልወጣ።

ጋሼ "አሜን" አሉና ዘጉ።

ብጠራ ብጠራ መልስ የለም። ስልካቸውም ዝግ ነው። ሥራውን ትቼ ታክሲ ተሳፈርኩ። ምን ብዬ ልግባ? ማሽኑ ነው የተናገረው ልበል? እሱማ ይብሳል፤ ስንት ጠዋት ከማሽን ጋር ሲያወሩ እንደከረሙ መንገር ነው።

እትዬ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተው አጥንታቸው ወጥቷል። አንገቴን ይዘው አገላብጠው ሳሙኝ። "ሰምቼሃለሁ እኮ የኔ ልጅ" አሉ። የጋሼ ጆሮ ደከም ስላለ ሬዲዮው እየጮኸ ነው የሚከፈተው። ጋሼ በሹክሹክታ ያሉትን አልሰሙም፤ የኔን እሰይ ግን መኝታ ቤት ሆነው ሰምተዋል።

"ሐኪሞቹ ካናገሩት ወዲህ የደበቀኝ ነገር አለ ብዬ ስብሰለሰል ነበር። ዛሬ ነግሮህ አንተ እንደዚያ ደስ ሲልህ ጊዜ፣ ለካ ድኛለሁ አልኩ።"

ቁርስ አምጡልኝ ብለው በልተዋል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። እየመረቁኝ እጄን አልለቅ አሉ። ጋሼ በር ላይ ቆመው ያያሉ። እኔ መሬቷ ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ አሜን፣ አሜን ከማለት ሌላ ምን አፍ አለኝ?

ጋሼ ሊሸኙኝ ሲወጡ የአጥሩ በር ላይ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ቁልፏን፣ ቅጂውን፣ ጫማዬን ሳስር የከረምኩትን። ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"አውቃለሁ፤ ካወቅሁ ሰንብቻለሁ። ሰው በየቀኑ አንድ ዓይነት ደስ አይለውም" አሉ። "ዛሬ እንኳ ራስህ ትሆናለህ ብዬ ነበር።"

ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ቢመቱኝ።

"ነገም እንደዛሬው እሰይ በል። እሷ ትስማ። በራስህ አፍ ግን።"

ማክሮውን ማታውኑ አጠፋሁት። በማግስቱ ጋሼ ሌሊቱን በሕመም ስታቃስት አደረች አሉኝ፣ በሹክሹክታ። ማይኩን አፌ ላይ ለጥፌ፣ እንባዬ እየወረደ፣ እትዬ ጋ እስኪደርስ ጮክ ብዬ እሰይ አልኩ።